ወደ ኮልቾ የተላከ ጋቢ

ሰው ለወገኑ የሚሰጠው ስጦታ ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ በገንዘብ የሚገዛ፥ ሁለተኛው በእጅ የሚሠራ። በገንዘብ የተገዛው የሰጪውን አቅም ብቻ ይናገራል። በእጅ የተሠራው ግን ሰጪው በአፉ ሊናገረው ያልፈቀደውን ነገር እንኳ ሳይሸሽግ ይናገራል። ይህ የኋለኛው ጠባይ ከብዙ ሰው የተሰወረ ስለ ሆነ፥ በ2011 ዓ.ም. በልደት በዓል ሰሞን ከጎጃም ደጋ ተነሥቶ እስከ ኦሞ ወንዝ ዳር ስለ ወረደ አንድ ጋቢ መተረኩ ለአንባቢ የማይጠቅም አይሆንም።

ጋቢውን የላከች በደብረ ማርቆስ አካባቢ የምትኖር አንዲት ባልቴት ናት። የተላከለትም የመጨረሻ ልጅዋ፥ በደቡብ ኦሞ በእንስሳት ጤና ሥራ የሚያገለግል ጐልማሳ ነው። ይህ ልጅ በሕፃንነቱ የአብነት ተማሪ ነበረ፤ ዳዊት ከደገመ በኋላ ቅኔ ቤት ገብቶ ጉባኤ ቃና መቍጠር እንደ ጀመረ፥ አባቱ ስለ ሞተ ወደ ቤቱ ተመልሶ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማረ። ለቆሎ ተማሪነት ከቤቱ በወጣ ጊዜ የለበሰውን ደበሎ፥ ሌጦውን ፍቃና አልፍታ የሰፋችለት እናቱ ነበረች። ከዚያም ወዲህ በሄደበት ሁሉ የእጅዋ ሥራ ይከተለው ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲፈጽም ነጠላ ደረሰው፤ ከኮሌጅ ሲመረቅ ኩታ ደረሰው። ጋቢ ግን ገና አልደረሰውም ነበር። ጋቢ በተራ የሚሠራ ነውና፥ አስቀድሞ ለአባትየው፥ ከዚያም ለታላቅ ወንድሙ፥ ከዚያም ለእኅቱ ባል ተሠርቶ ነበር፤ እርሱም ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ጋቢ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ከሱቅ ገዝቶ የሚለብስ ሰው አያውቀውም። ጥጡ ከነፍሬው ከገበያ ይገዛል። ሴቲቱ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ በቀጭን ብረት እየዳመጠች ፍሬውን ታወጣለች። ፍሬው የወጣለትን ጥጥ በደጋን እየነደፈች እንደ ጉም ታሳሳዋለች፤ አባዝታም ባዘቶውን በእጅዋ ልክ ትጠቀልለዋለች። ከዚህ በኋላ የእንዝርት ተራ ይሆናል። እንዝርቱን አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ በሌላው እጅዋ ባዘቶውን ወደ ላይ ትስባለች፤ በሁለቱ መካከል ክሩ ይወለዳል። የተፈተለው በእንዝርቱ ላይ እየተጠመጠመ ልቃቂት ይሆናል። ለድር የሚሆነው ፈትል ቀጭንና ጽኑዕ መሆን አለበት፤ በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ የሚውል እርሱ ነውና። ማጉ ግን ለስለስና ወፈር ይላል፤ ሙቀቱ የሚገኘው ከእርሱ ነው። ይህን ለይቶ መፍተል የሚቻለው በጣት ነው፤ ሌላ መለኪያ የለውም። ባልቴቲቱ በመስከረም ፈትሉን ጀምራ፥ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ሲገባ ልቃቂቱን በቁና ሰፍራ ለሸማኔ ታስረክብ ነበር።

ሸማኔው እግሩን በጕድጓዱ ውስጥ አግብቶ፥ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ እየላከ የሚያወጣው ልብስ ረጅምና ጠባብ ነው። በጎጃምም ሆነ በጋሞ ደጋ በዶርዜ፥ ሴቲቱ ትፈትላለች፥ ወንዱ ይሸምናል። ጠባቡን ልብስ ሰው የሚለብሰው ለማድረግ ጎን ለጎን ገጥሞ መስፋት፥ ደራርቦም ጠርዙን መያዝ ያስፈልጋል። አንድ እጅ ሆኖ ሲሰፋ ነጠላ ይባላል፤ ሁለት እጅ ሲደረብ ኩታ፥ አራት እጅ ሲደረብ ጋቢ ነው። ፈረንጆች ለብርድ የሚሰፉት የመኝታ ልብስ በሁለት ጨርቅ መካከል ጥጥ ተነጥፎበት ከላይ እስከ ታች በመርፌ የተወጋ ነው፤ ጋቢ ግን በመካከሉ ምንም ሳይጨመርበት በአራቱ እጥፍ መካከል በሚቀረው አየር ያሞቃል። ዛሬ በከተማ ያለ ልብስ ሰፊ ይህን መገጣጠሚያ በስፌት መኪና በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ባልቴቲቱ ግን መኪና የሰፋውን ጋቢ አትወድም ነበር። መኪና ክሩን አጥብቆ ስለሚይዘው ልብሱ ሲታጠብ ይኰማተራል ትል ነበር። ነገሩም እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነተኛው ምክንያት ይህ ብቻ እንዳልነበረ ልጆችዋ ሁሉ ያውቁ ነበር።

በልደት ቀን ስጦታ መሰጣጠት በአገራችን እንደ ፈረንጆቹ የጸና ልማድ አልነበረም። በገና ቀን አዲስ ልብስ መልበስ ግን የቆየ ነው። ስለዚህም ለቤተ ሰብ ልብስ የምታዘጋጅ እናት፥ ስጦታ ሰጠሁ ሳትል ስጦታ ትሰጥ ነበር። አሁን በከተማው ሱቅ ሁሉ ከፕላስቲክ ጽድ ጋር አብሮ የሚሸጠው በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ዕቃ ክፉ ነው አይባልም፤ ዳሩ ግን ወረቀቱ ከተቀደደ በኋላ የሚነበብ ነገር አይገኝበትም።

መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሰው የነቢዩ ሳሙኤልን እናት ሐናን ያስታውሳል። ልጅዋን ለእግዚአብሔር ቤት ሰጥታ በሴሎ ከተወችው በኋላ፥ በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ታመጣለት ነበር። ይህን ቃል ብዙ ሰው ፈጥኖ ያልፈዋል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል፤ ሐና ልጅዋን የምታየው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ልጁ ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል። እንግዲህ የዘንድሮውን መደረቢያ በምን ልክ ትቈርጠዋለች? ባለፈው ዓመት ያየችውን ቁመት ይዛ፥ በዐሥራ ሁለት ወር ውስጥ ምን ያህል እንደ ጨመረ በልብዋ እየገመተች መቍረጥ አለባት። ልጁ በሌለበት ትከሻውን ትለካለች፤ ክንዱንም በሐሳብዋ ታስረዝማለች። መደረቢያው ልክ የሆነለት እንደ ሆነ፥ እናቱ ዓመቱን ሁሉ ስታስበው እንደ ኖረች ያ ልጅ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ከባሕር ማዶም የሚነገር አለ። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች፤ የሚኖሩባትም በባርነት ከነበሩ ጥቁር ሕዝቦች የተወለዱ ናቸው። የመንደሪቱ ሴቶች ከእርሻ ሥራ የተረፈውን አሮጌ ልብስ ዕራፊ በዕራፊ እየገጠሙ የመኝታ ልብስ ይሰፉ ነበር። ከእነርሱም አንዲቱ ሚዙሪ ፔትዌይ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 ባልዋ በሞተ ጊዜ፥ ለሥራ ይለብሰው የነበረውን ልብስ ቈራርጣ የመኝታ ልብስ አድርጋ ሰፋችው፤ እርሱን ለማስታወስና ከበታቹ ለመተኛት ነው። ጕልበቱ በመንበርከክ ብዛት የሳሳበት ቦታ እንኳ እንዳለ ገብቶበታል። በ2002፥ በዚያው በእነርሱ አቆጣጠር፥ የመንደሪቱ ሴቶች ሥራ በሂውስተን ከተማ በሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ፤ በዚያው ዓመት ወደ ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም አለፈ፤ ዐዋቂዎችም ከታላላቅ ሥዕሎች ጋር አስተካክለው አደነቁት። ይህን የመሰለውን ልብስ በአገራችን ድሪቶ ብለን እንንቀዋለን። ድሪቶ የለበሰ ተማሪ ግን በጕባኤ መካከል ቅኔ ሲዘርፍ ማን ልብሱን ይመለከት ነበር?

ወደ ጋቢው እንመለስ። ባልቴቲቱ በታኅሣሥ መጀመሪያ ጋቢውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ፥ የከረጢቱን አፍ በወፍራም ክር አሰፍታ ላከችው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፥ ከአዲስ አበባ ጂንካ በአንድ የጭነት መኪና ነጂ እጅ ሄደ። ጂንካ ላይ ጥቂት ቀን ተቀምጦ፥ በቀይ አፈርና በዲመካ አልፎ ቱርሚ ወረደ። ከቱርሚ ወደ ምዕራብ፥ በግራር ቍጥቋጦ መካከል፥ አቧራው ከመኪናው ቀድሞ በሚገባበት መንገድ ተጕዞ፥ ታኅሣሥ 26 ቀን ዐርብ ከቀትር በኋላ ኮልቾ ደረሰ።

ኮልቾ የካሮ ሕዝብ መንደር ነው። መንደሩ በገደል አፋፍ ላይ ተቀምጧል፤ ከበታቹ የኦሞ ወንዝ ቀላ ባለ ውሃው እንደ ቀለበት ታጥፎ ይሄዳል፤ በዳርና ዳሩም ትልልቅ ዛፎች ቆመዋል። ካሮዎች ቍጥራቸው ጥቂት ነው፤ ቋንቋቸው ከሐመር ቋንቋ ጋር ይቀራረባል። ማሽላን የሚዘሩት ወንዙ ሞልቶ ከተመለሰ በኋላ በሚቀረው ለም ጭቃ ላይ ነበር፤ ግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን ሙላቱ እንደ ጥንቱ ስለማይመጣ፥ ፍየልና ከብት ከቀድሞው ይልቅ ተፈላጊ ሆኗል። የባዕድ አገር ሰዎች ወደዚህ መንደር የሚመጡት ካሮዎች በነጭ አፈር ሰውነታቸውን የሚያስጌጡበትን ጥበብ ለማየትና ፎቶግራፍ ለማንሣት ነው። ከእነዚህ ጐብኚዎች ውስጥ የሴቶቹን የፍየል ቆዳ ልብስ ስፌት ጐንበስ ብሎ የተመለከተ ብዙ አይደለም።

ጐልማሳው ከረጢቱን በፈታ ጊዜ ሳቀ። በታኅሣሥ እንኳ የኮልቾ ፀሓይ ድንጋይ ታቃጥላለች፤ ሌሊቱም ቢሆን በቀጭን አንሶላ የሚታለፍ ነው። አራት እጅ ጋቢ ለዚህ አገር ምን ያደርጋል? እናቱ ኮልቾን አይታ አታውቅም፤ ሩቅ አገር ሁሉ ለእርስዋ ብርድ አገር ነው። ያም ሆኖ ጋቢውን ተከናንቦ ከቤቱ ደጃፍ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጠ። ላቡ ይወርድ ነበር፤ ነገር ግን የጥጡ ሽታ የእናቱን ቤት ስላስታወሰው ሊያወልቀው አልፈቀደም። ልጆች መጥተው ሳቁበት። እርሱም አብሮ ሳቀ።

ከቤቱ አጠገብ አንዲት በዕድሜ የገፋች የካሮ ሴት ነበረች፤ ፍየሎችዋን በሕመም ጊዜ ስላከመላት ይቀራረቡ ነበር። በዚያ ሰሞን ለልጅዋ የፍየል ቆዳ ልብስ ትሰፋ ነበር። ቆዳውን ፍቃ፥ ቅባት ቀብታና በእጅዋ አሽታ እንደ ጨርቅ አለስልሳዋለች፤ በወስፌ እየበሳች በጅማት ትሰፋለች፤ ዳር ዳሩንም በዶቃ ታስጌጠዋለች። የገና በዓል የእርስዋ በዓል አይደለም፤ ስጦታዋም የራሱ ቀን አለው። ነገር ግን ለልጅ ልብስ መስፋት የማንም ሕዝብ ብቻ አይደለም። ነጭ ለባሹ ደገኛ ቆዳ ለባሹን ሲያይ አንዳንድ ጊዜ ፊቱን ያዞራል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ከደበሎ በቀር ልብስ ሳይኖራቸው ያደጉትን ሊቃውንት ረስቷል። መጻሕፍቶቻችን ሁሉ የተጻፉት በምን ላይ ነው? ፍየል ታርዶ፥ ቆዳው ተወጥሮ፥ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ሲወጠር የተቀደደበትን ጸሓፊው በመርፌ ይሰፋዋል፤ ጥራዙንም በጅማት ይሰፋዋል። በገዳሞቻችን የሚገኙትን አሮጌ መጻሕፍት የገለጠ ሰው፥ በፊደሎቹ መካከል አንዲት ትንሽ ስፌት አግኝቶ ጸሓፊው ዙሪያዋን እያለፈ እንደ ጻፈ ሳያይ አልቀረም። ጐልማሳውም የሴቲቱን ወስፌና ጅማት ባየ ጊዜ ሁሉ የቅኔ ቤቱ ትዝ ይለው ነበር።

ሴቲቱ የልጆቹን ሳቅ ሰምታ መጣች። ጋቢውን በእጅዋ ዳሰሰችው፤ አገላበጠችውም። ቆዳ ለሚሰፋ እጅ ጥጥ እንግዳ ነገር ነው፤ ስፌት ግን እንግዳ አይደለም። አውራ ጣትዋን በመካከለኛው መገጣጠሚያ ላይ አድርጋ ከጫፉ ጀምራ ቀስ እያለች ወረደች። ከግማሽ በላይ እንደ ሄደች ቆመች። ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ደግሞም ወረደች። ከዚያም አንድ ነገር ተናገረች። ትምህርት ቤት የሚሄደው የልጅ ልጅዋ አስተረጐመ።

«ይህን ልብስ ሁለት ሴቶች ሰፍተውታል ትላለች።»

«አይደለም፤ አንዲት ናት። እናቴ ናት» አለ ጐልማሳው።

ሴቲቱ እጁን ያዘችና አመልካች ጣቱን በስፌቱ ላይ አኖረችው። «እስከዚህ አንዲት ናት። ከዚህ ወዲያ ሌላ ናት። የፊተኛዋ ትታ የሄደችው ዐይንዋ ስለ ደከመ ነው» አለች፤ ልጁም እንደዚሁ ተረጐመ። ይህን ተናግራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጐልማሳው ከኋላዋ ተመለከተ፤ ልጁ ከአጠገብዋ ተቀምጦ ዶቃውን በክር እያስገባ ይሰጣት ነበር። ከዚህ ቀደም ይህን ብዙ ጊዜ አይቶት ነበር፤ የልጅ ጨዋታ ይመስለው ነበር እንጂ ልብ ብሎት አያውቅም።

በዚያች ሌሊት በፀሓይ ኃይል የምትሠራ ትንሽ መብራቱን አብርቶ ጋቢውን በጕልበቱ ላይ ዘረጋው። ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ ያለው ስፌት የሚያውቀው የእናቱ ስፌት ነው፤ እንደ ጤፍ ፍሬ ተመጣጥኖ፥ አንዱ ከአንዱ ሳይበላለጥ ይሄዳል። ሁለት ክንድ ያህል ከሄደ በኋላ ግን መዛነፍ ይጀምራል። አንዱ ውጊያ ረዝሞ ሌላው ያጥራል፤ መርፌዋ ጠርዙን ስታ አንዱን እጥፍ ብቻ የያዘችበት ቦታ አለ፤ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ የተደረበበትም አለ። በአንድ ስፍራ የምስር ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ ታየች፤ ተወግቶ የደማ ጣት ነው። አንድ ክንድ ያህል እንደዚህ ከሄደ በኋላ ስፌቱ እንደ ገና ይቀናል፤ እስከ መጨረሻውም አልተዛነፈም። ነገር ግን የእናቱ ስፌት ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበረ፤ ይህኛው ወደ ግራ ያዘነብላል። በቤታቸው ግራኝ አንዲት ብቻ ናት፤ እርስዋም ታላቅ እኅቱ ናት።

በየሰኞው ወደ ቱርሚ ገበያ ሲወጣ ለእናቱ ስልክ ይደውል ነበር። እናቱም ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተ ብቻ ደኅና ሁንልኝ» ትል ነበር። በዚህ ቃል ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ መዛነፍ አልነበረበትም። ፈትሉም ቢሆን አላሳበቀባትም፤ ድሩ ቀጭንና ጽኑዕ፥ ማጉም ለስላሳ ነበረ። ይህ ነገር ለጊዜው ግራ አጋባው። ዐይንዋ ቢደክም ኖሮ ፈትሉ አይበላሽም ነበርን? በኋላ ግን ተገነዘበው። አርባ ዓመት የፈተለች ሴት የምትፈትለው በጣትዋ ነው፤ በጨለማም ትፈትላለች። መርፌ ግን ብርሃን ይፈልጋል። የሰምና ወርቅ ትምህርቱን ገና በጥዋቱ ያቋረጠው ያ ተማሪ፥ ሰሙ ጋቢ የሆነ ቅኔ በእጁ እንደ ገባ በዚያች ሌሊት አስተዋለ፤ ደስ ግን አላለውም።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን የዋለው ሰኞ ነበር። ስለዚህ የልደት በዓልና የቱርሚ ገበያ በአንድ ቀን ገጠሙ። ጐልማሳው ማልዶ ወጣ፤ ሐመሮች ከየአቅጣጫው ወደ ገበያው ሲገቡ፥ እርሱ ከአንድ ግራር ሥር ቆሞ አስቀድሞ የደወለው ለእናቱ ሳይሆን ለእኅቱ ነው።

«እንኳን አደረሰሽ፥ እታለም። የእማዬ ዐይን ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

እኅቱ ለጊዜው ዝም አለች። ቀጥላም «ማን ነገረህ?» አለችው።

«ጋቢውን ከግማሽ በኋላ የሰፋሽው አንቺ ነሽ።»

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልተቻለም። ነገሩ የጀመረው ካለፈው ዓመት ክረምት በፊት ነው። አስቀድሞ ጉም ጉም አላት፤ ከዚያም የቀኝ ዐይንዋ ፈጽሞ ነጣ፤ ግራውም ተከተለ። ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ መለየት ተሳናት። «ለእርሱ ብትነግሩት ሥራውን ትቶ ይመጣል፤ እኔ ያረጀሁት በጊዜዬ ነው» ብላ ልጆችዋን ሁሉ ገዝታቸው ነበር። ጋቢውን ራስዋ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ታግላ፥ በመጨረሻ ጣትዋ ሲደማ መርፌውን ለልጅዋ ሰጠቻት፤ «የእኔን እንዲመስል አድርገሽ ስፊው» አለቻት። እኅቲቱ ይህን ስትናገር አለቀሰች። «እንዲመስል አድርጌ ነበር እኮ» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በአገራችን ዐይናቸው የጠፋ ብዙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በዕድሜ የመጣ ነው ብለው የሚቀመጡት ነገር ሞራ ነው። በ1998 ዓ.ም. ለአገሪቱ በሙሉ በተደረገው ጥናት፥ ከዐይነ ስውርነት ምክንያቶች ግማሽ ያህሉን የያዘው ይኸው ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ሞራ ማለት በዐይን ብሌን ውስጥ ያለው ጥሩ መስታወት መሰል አካል ሲደፈርስ ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ በሰው እጅ የተሠራ ጥሩ መስታወት መሰል አካል ይተካበታል፤ ሥራው ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ብዙ ሰውም በማግሥቱ ያያል። እንግዲህ «እርጅና ነው» ብሎ መቀመጥ ትሕትና ይመስላል እንጂ ትሕትና አይደለም።

ጐልማሳው ፈቃድ ጠይቆ ከልደት በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ተነሣ። ጋቢውንም ይዞ ሄደ፤ ለኮልቾ ያልሆነው ለጎጃም ይሆናልና። በሚወጣበት ጥዋት ጎረቤቱ መጣች። ለልጅዋ ከምትሰፋው ቆዳ ከተረፈው ቍራጭ፥ አፉ በጅማት የሚሳብ፥ ሦስት ቀይ ዶቃ ያለበት ትንሽ ከረጢት ሰፍታ ነበር። በልጅ ልጅዋ አፍ «ይህ ለፊተኛዋ ሴት ነው፤ መርፌዋን ታኑርበት» አለች። እርሱም ተቀበለ፤ በካሮ ቋንቋ የሚያውቀው የምስጋና ቃል ጥቂት ስለ ነበረ ጐንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

እናቱ ድምፁን በሰማች ጊዜ ደነገጠች፤ ቀጥላም ልጅዋን ልትቈጣ ፊትዋን ወደ እኅቲቱ አዞረች።

«ማን ነገረህ፥ ልጄ?» አለችው።

«ጋቢው» አላት።

«ጋቢ አፍ አለውን?»

መልስ ሳይሰጣት የቆዳዋን ከረጢት በመዳፍዋ አኖረላት። ባልቴቲቱ አሸተተችው፤ የጢስና የቅባት ሽታ ነበረው። ከዚያም አውራ ጣትዋን በስፌቱ ላይ አድርጋ ዞረች፤ እያንዳንዱን ዶቃም ቈጠረች። «ይህችን የሰፋች ሴት ወስፌዋ ጥሩ ነው» አለች። የማን እንደ ሆነች፥ ሃይማኖትዋ ምን እንደ ሆነ፥ አገርዋ የት እንደ ሆነ የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

ባሕር ዳር ወስደው በአንድ ሆስፒታል አስመረመሯት። ሐኪሙም ሞራ መሆኑን አይቶ የቀኙን ዐይን በዚያው ሳምንት አከመ፤ ግራውን ለሌላ ጊዜ ቀጠረ። በማግሥቱ ሽፋኑ ሲነሣላት አስቀድማ ያየችው የሐኪሙን ነጭ ካፖርት ነበር፤ «እንዴት ነጭ ነው!» አለች። ቀጥላ የልጅዋን ፊት አየች፤ ብዙ ጊዜም ተመለከተችው። ከስቷል አለች። ኮልቾ ሰው አይበላበትም ወይ ብላም ጠየቀች።

ጥዋቱ ብርድ ስለ ነበረ ጋቢውን አልብሰዋት ነበር። ተመልሳ በአልጋው ላይ እንደ ተቀመጠች የልብሱን ጫፍ አንሥታ ወደ ዐይንዋ አስጠጋች። ስፌቱን ከላይ ጀምራ ስትከተል ከንፈርዋ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የምትቈጥር ትመስል ነበር። የተዛነፈው ክንድ ላይ ስትደርስ ፊትዋ ተለወጠ።

«ይህን ነው እንዴ የላክሁልህ? ሰው ምን አለ?»

«ማንም ምንም አላለ፥ እማዬ።»

«እንዲህ ያለ ስፌት በእኔ እጅ አልወጣም። በል መርፌ ፈልግልኝ፤ አንቺም ክር አምጪ። ከዚህ እስከዚህ ልፍታውና ደግሜ ልስፋው።»

እኅቲቱ ወንድምዋን ተመለከተች። እናቲቱ ግን የቆዳውን ከረጢት አፍ በጥፍርዋ ትፈታ ጀመር፤ መርፌዋን በውስጡ አኑራው ኖሯል። ጐልማሳው ጋቢውን ቀስ አድርጎ ከትከሻዋ አነሣና በምትኩ የራሱን ኩታ አለበሳት፤ ጋቢውን በአራት አጥፎ ከበታቹ አደረገና ተቀመጠበት።